«ብር ልላክ ስላቸው ተቆጡ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች የትናንሽ ሞዴል ባቡሮች ሆኑ። ምድር ባቡር ባልደረሰበት ጎንደር ይህን ያህል ባቡር ወዳድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ለካ ሁላችንም አልጋ ሥር ደብቀን ነው የኖርነው!

ከአዘዞ፦ *አጎቴ የላከልኝ ኤችኦ የሚባለው ሞዴል ባቡር አንድ ክንድ ያህል ይሄድና ይቆም ነበር። ድሬዳዋ የሚኖሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ ሁለት ምሽት ሙሉ በስልክ እየመሩ አስጠገኑኝ። በቴሌብር ትንሽ ነገር ልላክ ስላቸው ተቆጡ። ውለታቸውን በምን ልመልስ?*

ወረታ (ከተማዋን አላልኩም) ሲባል ቶሎ ብር ይመጣብናል። እኔ የምልህ ደውልላቸው ነው። ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ እንዳትዘጋ። ካሉህ ውስጥ የትኛውን አደረግህ? የትኛው ሠራ? የትኛው አልሠራም? አሁንስ ስንት ዙር ይሄዳል? እሳቸው ባቡርህን አላዩም፤ በድምፅህ እየገመቱ ነው የረዱህ። መጨረሻውን ካልነገርካቸው ግምታቸው ልክ ይሁን አይሁን በምን ያውቃሉ?

ይህን የምለው በድዬ ስለማውቅ ነው። አንድ ጊዜ ባቡሬ ሲንሲያጠጥብኝ ከወጥ ቤት የኑግ ዘይት አምጥቼ ጠብ አደረግሁበት። ለጥቂት ቀን ጸጥ አለ። ከዚያ የጊሩ ጥርሶች ሙጫ እንደነካው ጣት ተጣበቁ። አንድ አዛውንት ዘንድ ደወልኩ። «ልጄ፣ ወጥ ልትሠራበት ነው?» ብለው ሳቁና አስረዱኝ፤ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። ጎማዎቹን አስፈቱኝ፤ ሙጫውን በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አስፈተጉኝ። ቀጥሎ የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ አንዲት ጠብታ፣ ብረት ከብረት በሚሽከረከርበት ቦታ ብቻ። የፕላስቲክ ጥርሶቹን እንዳይነካ አደራ አሉኝ። ባቡሩ ሄደ። አመሰግናለሁ ማለቴን እንኳ አላስታውስም። ከስምንት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስደውል፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ባቡሩስ?» አሉኝ። አፈርኩ።

ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ካገኘህ ደግሞ እናትህ የፈጨችውን ሽሮ አንድ ሁለት ኪሎ አስይዘው። ብር እምቢ ያለ ሰው ሽሮ እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ከማራኪ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ *የድሮውን የጅቡቲ ባቡር ከፋሲል ግንብ ጋር ልሠራ ጀምሬያለሁ። ሐዲዱ ኤችኦ ነው። አንድ ባለሙያ ፎቶውን አይተው «ሐዲድሽ ለዚያ ባቡር ሰፊ ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው? ግንቡስ ምን ያህል ይርዘም?*

ሰውየው ልክ ናቸው። ኤችኦ ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊሜትር አለ። በ87 አባዢው፤ 1435 ሚሊሜትር ግድም ይመጣል። ይህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የአዲሱ መስመር ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ነው። ሐዲዱን በኮላ ሳታጣብቂ ስለነገሩሽ ሁለት ጊዜ አመስግኚያቸው። 12 ሚሊሜትሩ ካልተገኘ ባቡሩን ቀይሪና በያዝሽው ሐዲድ አዲሱን ባቡር ሥሪ።

የፋሲል ግንብ ቁመት 32 ሜትር ያህል ነው ስለሚባል ያንቺው 37 ሴንቲሜትር ግድም ይሆናል። ፎሙን ቁረጪ፣ ጀሶ በስሱ ቀቢው፣ ጀሶው ጨርሶ ሳይደርቅ የድንጋዮቹን መስመር በወስፌ ጫሪ። በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው እንዳትረሺ። ጎንደር ላይ ባቡር ማቆም ውሸት ይሆናል ብለሽ አትጨነቂ፤ እኔ ብሆን ጃንተከል ዋርካ ሥር ለገሃር አቆም ነበር።

ከፒያሳ፦ *ወንድሜ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ባቡር ስሰካው ጨሰ። ምን ልበለው?*

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ስለሆነ ባቡሩ ተርፎ ሊሆን ይችላል። እንደገና አይሰኩት። ጥሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ይውሰዱትና በ12 ቮልት ዲሲ ይሞክርልዎ። ምትክ ሲገዙ «100–240» የሚል ጽሑፍ ጀርባው ላይ ይፈልጉ። ለወንድምዎ ባቡሩ ሲሄድ በቪዲዮ እያሳዩ ይንገሩት፤ ያኔ ይስቃል።

ከአራዳ፦ *የጠቆረ ሐዲድ በምን ይጸዳል ብዬ ሁለት አዋቂዎች ጠየቅሁ። አንዱ በብርጭቆ ወረቀት፣ አንዱ በአልኮል አሉኝ። ማንን ልስማ? ማንን ላመስግን?*

አልኮል ያሉህን ስማ። ብርጭቆ ወረቀት ሐዲዱን ይጭረዋል፤ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻ ይቀመጣል። ሁለቱንም አመስግን፣ ጊዜያቸውን ሰጥተውሃል። ብርጭቆ ወረቀቱን ግን ለበርህ አድርገው።