መልስ፦ ወንድሜ ለምን እንዲህ ቁጡ ሆነ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ደብረ ብርሃን ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ በትንሽ በትልቁ ይጮኻል፤ ልጁም ታናሹን መምታት ጀምሯል። «ተፈጥሮው ይሆን?» ላልሽው፣ ተፈጥሮ ብቻ አይመስለኝም። በ1939 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ እነ ዶላርድ የሰው ፍላጎት ሲታገድ ጠበኝነት ይወልዳል አሉ። ያገደውን ካልደፈረው ደግሞ አቅም የሌለው ላይ ይወጣዋል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ነው። በርኮዊትዝ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ግን ይህን ሐሳብ በኋላ አስተካከለው፤ የተናደደ ሁሉ አይማታም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ልጁ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ባንዱራ በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕፃናትን፣ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት በመዶሻ ሲደበድብ አሳያቸው። በኋላ ብዙዎቹ ያንኑ ደገሙት፣ የሰውየውን ቃል ሳይቀር! ልጆች አይተው ይማራሉ። ስለዚህ ወንድምሽን ሲበርድለት፣ ልጆቹ በሌሉበት አናግሪው። እጁን ማንሳት ከጀመረ ግን ነገ ዛሬ ሳትዪ ልጆቹን አርቂና ሽማግሌም ባለሙያም ጥሪ።