አባቴ «ተራራ ውሰጂኝ» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ጠንካራ ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒት ግን ይወስዳሉ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ተራራ እየወጣሁ ድንኳን ውስጥ ማደር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ፎቶዎቹን ባዩ ቁጥር «እኔንስ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ይሉኛል። አሁን የአራት ቀን ጉዞ አስበናል። ከፍተኛው ቦታ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ደስ ብሎኛል ግን እንቅልፍ አጣሁ። ስለ ጤናቸው ሳነሳ «አታስቢ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም» ብለው ይዘጉኛል። ምን ላድርግ?
ልጃቸው

መልስ፦ እህቴ፣ ራሳቸው «ውሰጂኝ» የሚሉ አባት ስላሉሽ ደስ ይበልሽ። ዕድሜያቸው ብቻውን የሚያስቀር ነገር አይደለም። ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ መንገዱን የመረጥሽው አንቺ፣ የምትጨነቂው አንቺ፣ እሳቸው ግን ዕቅዱ ውስጥ የሉበትም። እንደ ዕቃ ተጭኜ ልሄድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው «አታስቢ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና አብራችሁ እዩት። የት እንደሚታደር፣ ውሃ የት እንዳለ፣ በየት በኩል አቋርጦ መውረድ እንደሚቻል እሳቸውም ይወቁ፣ እሳቸውም ይምረጡ።

ቀጥሎ ሐኪማቸው ጋ አብራችሁ ሂዱ። «ለሽርሽር ልንሄድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስንት ቀን፣ ምን ያህል ከፍታ፣ ምን ያህል ሸክም፣ ሁሉንም ንገሩት። አንዳንዱ የግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ዳገት ላይ ቶሎ ያደክማል። ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ደግሞ ብዙ ላብ ሲጨመርበት የሰውነትን ውሃ ያሟጥጣል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን በፍጹም አይሆንም። እግረ መንገዳችሁን ሲራመዱ ደረታቸውን የሚጫናቸው ነገር ካለ ሐኪሙ ፊት ይናገሩት። ለልጅ የማይነገር ነገር ለሐኪም ይነገራል።

የጠዋት ርምጃቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ዳገቱን ይፈራል፤ አረጋውያንን የሚጎዳው ይበልጡን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርጂ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትሽን ይይዛል፣ ያልለመደው ሰው ላይ ሕመሙ የሚብሰው በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው። የአራት ቀን ጉዞ ላይ ይህ ማለት ልክ መሃል መንገድ ላይ ስትደርሱ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀደም ብሎ መልመድ ነው። ለተወሰኑ ሳምንታት ደረጃ መውጣትና በተለይ መውረድ፣ መጀመሪያ ባዶ እጅ፣ በኋላ ቦርሳ አዝሎ። ከዋናው ጉዞ በፊት ደግሞ አንድ ሌሊት ቅርብ ቦታ ድንኳን ውስጥ እደሩ። ጫማው ይልጥ እንደሆነ፣ መሬት ላይ መተኛት ወገባቸውን ይይዘው እንደሆነ ያኔ ታውቂዋለሽ።

ሰዓት ስትቆጥሪ በራስሽ ርምጃ አትቁጠሪ። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 ያወጣት ስሌት እስካሁን ትሠራለች፤ በግምት ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 12 ኪሎ ሜትር ሆኖ 900 ሜትር የሚወጣ ቀን አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው ነው፣ ዕረፍትም የለበትም። እኔ ብሆን ግማሹን ጨምሬ ስድስት ሰዓት እላለሁ፣ ምሳና ዕረፍት ሲገባበት ቀኑ ሞላ። ከዚህ የሚበልጥ ቀን ካለ ለሁለት ክፈሉት።

መንገድ ላይ አባትሽ ከፊት ይሂዱ። ይህቺን አደራ። ልጆች ፈጠን ብለው ይሄዱና ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ አባት እያለከለኩ ሲደርሱ ልጅ አርፎ ጨርሷል፣ ቦርሳውን አንስቶ «እንሂድ?» ይላል። በጣም የደከመው ሰው ዕረፍት ሳያገኝ ቀኑ ያልቃል። እሳቸው ከፊት ከሆኑ ርምጃውም ዕረፍቱም የእሳቸው ነው። እያወሩ መራመድ ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ወሬ ካቋረጡ ዝግ በሉ።

የከፍታ ሕመም ብዙ ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። ጉልበተኛ መሆን አያድንም፣ ሽማግሌ መሆንም ብቻውን ለሕመሙ አያጋልጥም፤ ስለዚህ አንቺ ታመሽ አባትሽ ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መዝጋት፣ ማዞር ከመጣ ወደ ላይ መውጣት ይቁም፣ ካልተሻለ መውረድ ነው። እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ፣ ነገር መቀባዠር፣ ተቀምጠው እያረፉም ትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ጠዋትን አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ታች መውረድና እርዳታ መጥራት ነው።

ችግሩ አባቶች ራሴን አመመኝ አይሉም። «አባዬ፣ ደህና ነዎት?» ብትይ መልሱ «ደህና ነኝ» ነው። ስለዚህ እራታቸውን እያቸው። ግማሹን ትተው ሳህኑን ገፋ ካደረጉ፣ ቀን ሲያወጉ ውለው ማታ ዝም ካሉ ነገር አለ።

የመመለሱን ነገር ደግሞ ቤት ሳላችሁ ጨርሱት። ከሁለታችን አንዳችን «ይብቃን» ካለ ያለ ክርክር እንመለሳለን ተባባሉ። አንቺም ልትዪው እንደምትችዪ ንገሪያቸው። ጫፉ ጋ ስትደርሱ የሚደረግ ድርድር ጥሩ አይደለም፣ ያኔ ሁሉም ሰው ድክሙን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር ሦስት ቀን ተራራ ልንወጣ ነው። ከባዱን ቦርሳ እኔ ካልያዝኩ ብላ አስቸገረችኝ። ሌሊት ብርዱን እንዴት እንደምትችለውም አላውቅም።
አሳቢው ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናት ልጇ ሲሸከም ቆማ አታይም፤ ባዶ እጅሽን ሂጂ ብትላት ትቀየምሃለች። ስለዚህ የማይቀርላትን ነገር ስጣት። ውሃዋን፣ የዝናብ ልብሷን፣ ወፍራም ሹራቧን፣ መድኃኒቷን፣ የግንባር ባትሪዋን። ብትነጣጠሉ እንኳ የሚያስፈልጋት ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነው። ድንኳኑ፣ ምድጃውና ምግቡ ያንተ። በተለምዶ ቦርሳ ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ አይብለጥ ይባላል፤ ለእናትህ እኔ 10 በመቶ እላለሁ። 60 ኪሎ ከሆነች 6 ኪሎ። ቤት ውስጥ ሚዛን ላይ አድርጉት፣ በእጅ አንስቶ መገመት ያታልላል።

ብርዱን በተመለከተ፣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል፣ ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። ሰው ብርድ ልብሱን ያበዛል፣ ቅዝቃዜው ግን ከመሬት ነው የሚመጣው። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ላይ አውጣ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲና ልብስ ይኑራት፣ በላብ በራሰው አትተኛ።

ሌላ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ብዙ እናቶች ሌሊት ለሽንት ላለመውጣት ብለው ከሰዓት ጀምሮ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ራሱ በደንብ አይሰማም፣ ይህ ሲጨመርበት በማግስቱ ድካምና ራስ ምታት ነው። ድንኳኗን ለመውጫ ምቹ የሆነ ሜዳ ላይ ትከል፣ ባትሪዋ ትራሷ ሥር፣ ጫማዋ በሩ ጋ ይሁን፤ «ስትወጪ ቀስቅሺኝ» በላት። ውሃውን ከምንጭ ከቀዳችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። አንድ ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ።

ለጉልበቷ ሁለት ምርኩዝ ያዝላት። ቁልቁለት ላይ ትንሽ ረዘም አድርጉት፣ እርምጃዋም አጠር አጠር ይበል።

ጥያቄ፦ ልጄ ተራራ ሊወስደኝ ነው። 61 ዓመቴ ነው። መሄዱን እፈልጋለሁ፣ ግን ሸክም እንዳልሆንበት ፈራሁ።
አባት

መልስ፦ ጌታዬ፣ ልጅዎ የጠየቀዎት ከእርስዎ ጋር መዋል ፈልጎ ነው፤ ፍጥነት ቢፈልግ ጓደኞቹን ይዞ ይሄድ ነበር። የሚያስቸግረው ቀስ ብለው መሄድዎ ሳይሆን ዝም ማለትዎ ነው። ትንሿ ነገር ትልቅ የምትሆነው ስትደበቅ ነው፤ እግርን እንውሰድ። ተረከዝዎ ላይ አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲልዎ ውሃ ሊቋጥር ነው ማለት ነው። «ማረፊያው ጋ አየዋለሁ» ካሉ ይፈነዳል፣ በማግስቱ መራመድ አይችሉም። እዚያው ቁሙ ይበሉት፣ ካልሲዎን ያውልቁ፣ ይድረቅ፣ ፕላስተር ይለጥፉበት። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ልጅዎም እስከዚያ ውሃውን ይጠጣል።