ዕድገቱን ለብዛቱ አካፍሉት

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ባለው ቤቴ ጓሮ ለሁለት የተቆረጠ አሮጌ በርሜል አለ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ውሃ ሞላሁበትና ከጣና ዳር ያመጣሁትን 5 እግር እምቦጭ ጣልኩበት። ከዚያ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። 5፣ 9፣ 15፣ 23፣ 31፣ 38፣ 42፣ 45። እባካችሁ ማንም ይህን ሲሞክር ውሃውን ወደ ቦይ እንዳይደፋ። እኔ ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ሳይቀር ፀሐይ ላይ አድርቄ አቃጥዬዋለሁ። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰብንን እናውቃለን።

በሦስተኛው ቆጠራ ላይ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የጎረቤት ልጅ መጣ። ቁጥሮቹን አየና ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «ጋሼ፣ በዚህ አያያዙ በስምንተኛው ቆጠራ ከ200 ያልፋል» አለኝ። ሒሳቡ ልክ ነበር። በየሳምንቱ በ1.7 እያባዛ ነው የሄደው። በስምንተኛው ቆጠራ ያገኘነው ግን 45 ነው።

ለእናንተ ልነግራችሁ የፈለግኩት እዚህ ጋ ነው ያለው። ልጁ ጠቅላላውን አየ። ጭማሪውን ለብዛቱ ቢያካፍለው ኖሮ ግን ሌላ ነገር ይታየው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 5ቱ 4 ጨመሩ፤ ከመቶ 80 ማለት ነው። በሁለተኛው 9ኙ 6 ጨመሩ፤ ከመቶ 67። ቀጥሎ 15ቱ 8 ጨመሩ፤ 53። ከዚያ 35፣ 23፣ 11፣ 7። ልብ በሉ፦ ጭማሪው ከ4 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 8 እያለ ደስ በሚል ሁኔታ ሲወጣ፣ የእያንዳንዷ እግር ድርሻ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቁልቁል እየወረደ ነበር። ቆጠራውን በመስመር ብትስሉት፣ ዓይን ኩርባው ሲታጠፍ የሚያየው ዘግይቶ ነው። ማካፈል ግን ቀድሞ ያሳያል።

ይህን ነገር በቀመር ያስቀመጠው ፒዬር ፍራንስዋ ቬርሁልስት የሚባል የቤልጂየም የሒሳብ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1838። ለኩርባው «ሎጂስቲክ» የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። ከእሱ በፊት ማልተስ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሕዝብ እየተባዛ ይሄዳል ብሎ ነበር። ቬርሁልስት አንዲት ነገር ብቻ ጨመረ፦ ክፍት የቀረው ቦታ ስንት እጅ ነው? ጭማሪው ማለት የዕድገት ፍጥነት፣ ሲባዛ ብዛት፣ ሲባዛ ገና ያልተያዘው ድርሻ ነው። በርሜሉ ባዶ ሲሆን ያ ድርሻ ወደ አንድ ይጠጋል፤ ሲሞላ ዜሮ ይሆናል። ጭማሪው ከሁሉ የሚበልጠው በትክክል ግማሹ ላይ ነው። የእኔ በርሜል 48 ገደማ ይችላል ብትሉ፣ ግማሹ 24 ነው። ትልቁ ጭማሪ፣ ከ15 ወደ 23 እና ከ23 ወደ 31 የሄዱት ሁለቱ 8ቶች፣ የወደቁት ከዚያ ግራና ቀኝ ነው። ያን ቀን ብቻዬን ጓሮ ውስጥ ሳቅኩ። ስንት ዓመት የማውቀው ሒሳብ በርሜል ውስጥ ሲታይ ሌላ ነው።

ግን ጣሪያውን፣ ማለት ቦታው የሚችለውን ትልቁን ብዛት፣ የተፈጥሮ ሕግ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1920 ፐርልና ሪድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህንኑ ኩርባ በአገራቸው ሕዝብ ላይ ገጥመው ጣሪያው 197 ሚሊዮን ገደማ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ 200 ሚሊዮን አለፈች፤ አሁን ከ330 ሚሊዮን በላይ ናት። ኩርባው ያለፈውን ቆጠራ ቆንጆ አድርጎ ይከተላል፤ ነገ ጣሪያው ይነሣ አይነሣ ግን አይነግራችሁም። ጣናም እንዲሁ ነው። ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ በጎርፍ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ በገባ ቁጥር የእምቦጩን ጣሪያ ከፍ የምናደርግለት እኛው ነን። ስለዚህ አረሙን መንቀል ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ብድር ወስዳችሁ ባጃጅ ልትገዙ ወይም ሐይቁ ዳር ካፌ ልትከፍቱ ስታስቡም «ስንት ሰው ገባበት?» ከማለት «ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል? አምናስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ በሐይቁ ወጪ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ሲገባ ወጣት ባለሙያ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሥራው በደንገል ታንኳ ነበር። ዓሣው ሲራገፍ ኪሎውን እመዘግባለሁ። ኪሎው ከዓመት ዓመት ጨመረ። ደስ ብሎኝ ተጨማሪ መረብ ይሰጥ ብዬ ጻፍኩ፤ አለቆቼም ተቀበሉኝ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አስጋሪ አጠገቤ ቆመው ስጽፍ አዩኝና «ልጄ፣ ዱሮ በአንድ መረብ የማገኘውን ዛሬ በሦስት መረብ ነው የማገኘው። አንተ ዓሣውን ትቆጥራለህ። መረቡን ማን ይቁጠርልን?» አሉኝ።

አልገባኝም ነበር። በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ግልገል ዓባይ የሚወጣው ትልልቅ ዓሣ ወንዙ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ እየተያዘ ነበር። ያልወለደች እናት ናት የምትያዘው። ጠቅላላው ኪሎ የጨመረው ዓሣው ስለበዛ አልነበረም፤ መረቡ ስለበዛ ነው። ቀጥሎ ኪሎውም ወረደ።

ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ጠርዙ በውሃ ተበልቷል። ቀን፣ የዓሣ ዓይነት፣ ኪሎ የሚሉ ዓምዶች አሉት፤ አምባዛው፣ ቀረሶው ሁሉ በንጹሕ ጽሕፈት ተመዝግቧል። ለመረብ ዓምድ አላሰመርኩም።