«አንድ ጊዜ ብቻ የሰጡት መድኃኒት ይበቃዋል?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ4 ዓመት ወንድ ልጄ በአተት ታሞ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሦስት ቀን ተኝቶ ወጣ። የሰጡት መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን የሚባል ሲሆን ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ውኃ ነበር። አማቴ «የልጁ ጥርስ ይበልዛል» ይላሉ። ቤት ውስጥ ከዓምና የተረፈ ቴትራሳይክሊን አለኝ፤ ለ2 ዓመቷ እኅቱ አስቀድሜ ብሰጣትስ? እናት፣ ከመተማ

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ልጅሽን እግዚአብሔር ማረልሽ። «ውኃ» ያልሽው ነው ያተረፈው። እኔም እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ብዙ ሌሊት አድሬአለሁ። አልጋው መሐሉ ተቀዶ ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ የልጁ ዓይን ይጎደጉዳል፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደ ተጨማደደ ይቆያል። እዚህ የደረሰ የ15 ኪሎ ልጅ በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ በደም ሥሩ መግባት አለበት፤ 450 ሚሊ ሊትሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ «እማዬ» ሲል ስንት ጊዜ እንባዬ መጥቷል!

መድኃኒቱ ታዲያ ምን ይሠራል? ሰውነቱ ክፉኛ ለደረቀ ልጅ ትውከቱ ጋብ ሲል ይሰጠዋል፤ የተቅማጡን ብዛት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ጊዜውንም ያሳጥራል። ልኩ በክብደት ነው፤ በኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ። ጎድሎበታል ብለሽ አትጨምሪለት፤ ሙሉው ሕክምና እርሱ ነው። ጀርሙ ዶክሲሳይክሊንን በለመደበት አካባቢ አዚትሮማይሲን ይሰጣል፤ እርሱም አንድ ጊዜ ነው።

የአማትሽ ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም። የዶክሲሳይክሊን ቤተ ዘመድ የሆነው ቴትራሳይክሊን ለቀናት ሲወሰድ ገና በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ያበልዛል። አንድ ጊዜ የተወሰደ ዶክሲሳይክሊን ግን እንዲህ ሲያደርግ አልታየም። ንገሪያቸው፣ ልባቸው ይረፍ።

ለሴት ልጅሽ ግን በፍጹም እንዳትሰጫት! እ.ኤ.አ. በ1977 ታንዛኒያ ውስጥ ኮሌራን፣ ይኸውም እኛ አተት የምንለውን በሽታ፣ ለመከላከል ቴትራሳይክሊን ለሕዝብ በብዛት ታደለ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው። የእኛዎቹ ልጆች ሲታመሙ የሚያድናቸው መድኃኒት እንዲህ በየቤቱ እንዲያልቅብን አልፈልግም። ለእርሷ የሚበጃት የፈላ ወይም በውኃ አጋር የታከመ ውኃ፣ ከሽንት ቤት መልስና ምግብ ከመነካቱ በፊት በሳሙና የታጠበ እጅ ነው። ተቅማጥ ከጀመራት አንዱን የኦ አር ኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጪና በማንኪያ ስጫት። ብታስመልስ 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀስ እያልሽ ድገሚላት። ጡት የምትጠባ ከሆነም አትከልክያት። መንገድ ላይም እየሰጠሻት ጤና ጣቢያ አድርሻት፤ ነገ አትበዪ።

ለወንዱ ልጅሽ ዚንክ ሰጥተውሽ ከሆነ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ጨርሺለት። የዓምናውን ቴትራሳይክሊን ደግሞ ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል መልሺው።