መኪናዬ ኩርባ ላይ እንቢ አለኝ፦ ስለ ጌም መኪና ማስተካከል ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «የእሽቅድምድም ጌም የምትጫወቱ፣ መኪናችሁን ስታስተካክሉ የቸገራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከሞጣ፣ ከደጀን ጥያቄ መጣ። ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ለማታውቁኝ፣ እኔ ባሕር ዳር ነኝ። የጀመርኩት ጌም ቤት ውስጥ በጆይስቲክ ነው። አሁን አንድ አሮጌ መሪና ፔዳል አለኝ። ማታ ማታ ከመወዳደር ይልቅ መኪና ስሞክርና ስጽፍ ነው የማመሸው። እንግባ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ መሪውን ጨርሼ አዙሬውም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ምን ልቀይር?

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይልኝ። እንቢ የሚልህ ኩርባው መግቢያ ላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ነው፣ ወይስ ነዳጅ ስትሰጥ መውጫው ላይ? የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው።

መግቢያ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም። ፈጥነህ ገብተሃል። ፍሬኑን 10 ሜትር ቀድመህ ያዝና እየው። ከዚያ ፍሬኑን ባንዴ አትልቀቀው፤ መሪውን እያዞርክ ቀስ እያልክ ልቀቀው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይመጣል፤ የፊት ጎማ መሬቱን የሚቆነጥጠው ያኔ ነው። ያም ሆኖ እንቢ ካለህ የፍሬኑን ኃይል ትንሽ ወደ ኋላ አሳልፈው። ፊቱ 60 በመቶ ከነበረ 59 አድርገው። ባንዴ ብዙ አትቀንስ፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ መኪናው ይዞርብሃል።

መሃሉ ላይ ከሆነ አንቲ ሮል ባሩን ንካ። መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ ማለት ነው። የፊቱን አላላው፤ ካልሆነ የኋላውን አጥብቀው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ግን አታድርግ። የጠነከረው ጫፍ ቀድሞ ይንሸራተታል፤ ይህችን ካወቅህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

መውጫው ላይ ከሆነና መኪናህ በኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ ዲፈረንሻሉን፣ የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን፣ እየው። ነዳጅ ስትሰጥ በጣም የሚቆለፍ ከሆነ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞሩና መኪናውን ቀጥ አድርገው ይገፉታል። መቆለፊያውን ቀንስ። በጣም ከቀነስከው ደግሞ የውስጠኛው ጎማ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ጉልበቱ መሬት አይደርስም።

ከባሕር ዳር፦ ሞላ ቀይሬ 3 ዐሥረኛ ሰከንድ አሻሻልኩ። ጓደኛዬ ያንኑ ሲሞክር ግን ምንም የለም። ለምን?

ከሁሉም የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። የደብተሬን አንድ ገጽ ላሳይህ።

ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ። ገጹ አናት ላይ መኪናውን፣ ሰርኪዩቱን (የውድድሩን መንገድ)፣ የአስፋልቱን ሙቀትና የነዳጁን ሊትር እጽፋለሁ። የዚያን ማታ ብራንድስ ሃች የሚባለው የእንግሊዝ ሰርኪዩት ላይ ነበርኩ፣ አጭሩ ኢንዲ የሚባለው። በድሮው ሞላ አንዱን ዙር በ58.9፣ 58.7፣ 58.8፣ 58.7 ሰከንድ ወጣሁ። ሞላውን አጠንክሬ 58.6፣ 58.5፣ 58.6፣ 58.5 መጣ። ተሳካ ብዬ ልተኛ ነበር። ግን ደንቤ ነውና ወደ ድሮው ሞላ መለስኩት። 58.5፣ 58.6፣ 58.5፣ 58.5።

አየህ? ሞላው ምንም አልሠራም። ሰርኪዩቱን የለመድኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ንዳ። መጀመሪያ በድሮው፣ ቀጥሎ በአዲሱ፣ ከዚያ እንደገና በድሮው። በየጊዜው አምስት አምስት ዙር፤ ጎማው ያልሞቀበትን የመጀመሪያውን ዙር ጣለው። ነዳጁ እኩል ይሁን። 40 ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ገደማ ነው። አዲሱን ስትሞክር ታንኩ ጎድሎ ከሆነ ያሸነፈው ክብደቱ ነው። የአየሩንም ሁኔታ ከጌሙ ላይ ቆልፈው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሞላውንም ጎማውንም ክንፉንም (በአየር ኃይል መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነውን) ነካክተህ ከፈጠንክ የቱ እንዳፈጠነህ በምን ታውቃለህ?

ዙሮችህ እርስ በርሳቸው በአንድ ሰከንድ የሚለያዩ ከሆነ ግን ገና ሞላ አትንካ። 2 ዐሥረኛ ሰከንድ የምታመጣ ለውጥ በዚያ መሃል አትታይህም። ባለህ መኪና ዙርህን አስተካክል። ብዙ ልጆች የሚደክሙት እዚህ ጋ ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልደራደርም።

ለሙከራ ደግሞ አጭር ሰርኪዩት ምረጥ። ብራንድስ ሃች ኢንዲ 1.9 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጀርመኑ ኑርበርግሪንግ ኖርድሽላይፈ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በረጅሙ ላይ አንድ ስሕተት ዙሩን በሙሉ ያበላሽብሃል።

ከዳንግላ፦ ጎማ ላይ የሚታዩት ሦስት የሙቀት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

የጎማው የውስጥ ጠርዝ፣ መሃልና የውጭ ጠርዝ ናቸው። ጎሚስታ ጋ ቆመህ ያረጀ ጎማ አይተህ ታውቃለህ? መሃሉ ብቻ ከተላጨ «ነፋሱ በዝቶበታል» ይልሃል። ሁለቱ ጠርዝ ከተበላ «ነፋስ አንሶታል» ይልሃል። ጌሙም ያንኑ ነው የሚነግርህ፣ በመላጨት ፈንታ በሙቀት። መሃሉ ከጠርዞቹ ከሞቀ ነፋስ ቀንስ፤ ጠርዞቹ ከሞቁ ጨምር። የውስጡ ጠርዝ ከውጩ በጣም ከሞቀ ካምበሩ፣ ማለትም የጎማው ማዘንበል፣ በዝቷል። ትንሽ መሞቁ ግን ጤና ነው።

አንድ ልብ በል። ጋራዥ ውስጥ የምታስገባው ነፋስ የቀዝቃዛ ጎማ ነው። ጎማው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ነፋሱ ከ1 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ) በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩን ሦስት አራት ዙር ነድተህ እየው። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲሲዮኔ የሚባለው ጌም ላይ ጂቲ3 የሚባሉት የውድድር መኪናዎች የደረቅ መንገድ ጎማ ሲሞቅ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ ውስጥ እንዲገባ አድርገው።

ከደጀን፦ ሲኖ ነው የምነዳ። ዓባይ በረሃ ስወርድ ፍሬን ይግላል። ጌም ላይም እንደዚያ አለ እንዴ?

አለ ወንድሜ። ለዚህ ጉዳይ አንተ ለእኔ አስተማሪ ነህ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልህ ነው የምትወርደው፤ ፍሬኑን ለክፉ ቀን ታቆየዋለህ። ደህና ጌሞች ላይም ፍሬን ሲግል መያዙ ይደክማል። ፍሬኑ ላይ አየር የሚያስገባውን ቀዳዳ ማስፋትና ማጥበብ ይቻላል። ብታሰፋው ይቀዘቅዛል፤ ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ግን የውድድር ፍሬን አይዝም፣ ሙቀት ይፈልጋል። አየሩንም ስለሚረብሽ ፍጥነት ትንሽ ይሰርቃል። ማርሽ ስትቀንስ ግን ተጠንቀቅ። ባዶ የውድድር መኪና ቀላል ነው፤ ባንዴ ሁለት ማርሽ ከጣልክ የኋላ ጎማው ይቆለፍና ትዞራለህ። የተጫነ ሲኖ እንዲህ አያደርግህም።

ከሞጣ፦ መሪ የለኝም፣ በጆይስቲክ ነው። ማስተካከል ይጠቅመኛል?

በደንብ። አውራ ጣትህ እንደ እጅ ስስ ስላልሆነ ኋላው የረጋ መኪና ሥራ፤ የኋላ ክንፉን አንድ ሁለት ነጥብ ጨምር፣ የኋላውን አንቲ ሮል ባር አላላ። ጆይስቲኩ መሃል ላይ የሚሞትበትን ቦታም ከሴቲንጉ አጥብበው። መብራት በየመሃሉ የሚሄድብህ ከሆነ ቁጥርህን ደብተር ላይ ጻፍ፤ ደብተር መብራት አይፈልግም።

ከባሕር ዳር፦ ላፕቶፔ ያረጀ ነው። የትኛውን ጌም ልጫን?

ላይቭ ፎር ስፒድን። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሄዳል። በነፃው ክፍል ሦስት መኪናና ብላክውድ የሚባለው ሰርኪዩት አለ። የጎማ ሙቀት፣ ሞላ፣ ዲፈረንሻል፣ ሁሉንም ማስተካከል ትችላለህ። ለመማር በቂ ነው እላለሁ፤ ከበቂም በላይ። ጥላና መስተዋቱን አጥፋው። ምስሉ እየተቆራረጠ የተነዳ ዙር ለሙከራ አይሆንም።

ከደብረ ማርቆስ፦ የእኛ ከተማ ደጋ ነው። እዚህ ሰርኪዩት ቢኖር መኪናው እንዴት ይስተካከላል?

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት። ፎርሙላ 1 የሚሮጥባት ሜክሲኮ ሲቲ እንኳን 2200 ሜትር ገደማ ናት፤ እናንተ ትበልጣላችሁ። በዚያ ከፍታ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሦስት ነገር ይከተላል። ክንፉ የሚጫነው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ክንፉን ይበልጥ ቀጥ አድርገህ ታቆመዋለህ። ሜክሲኮ ላይ ትልቁን ክንፍ አድርገውም መኪናው መሬቱን በደንብ አይዝም። ፍሬንና ሞተር የሚያቀዘቅዝ አየር ያንሳል፤ ቀዳዳውን ታሰፋለህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ይጎድለዋል። የፎርሙላ 1 ጌም ካለህ የሜክሲኮን ሰርኪዩት ክፈትና ትንሽ ክንፍ በሚበቃው በፈጣኑ የጣልያን ሰርኪዩት በሞንዛ ሴትአፕ (ማስተካከያ) ንዳው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ኩርባ ይገባሃል።

አንዲት እናት፦ ልጄ መሪ ይዞ ያመሻል። ከዚህ መንዳት ይማራል ወይ?

እትዬ፣ በከፊል አዎ። ጎማ መቼ እንደሚንሸራተት፣ ፍሬን የት መያዝ እንዳለበት ይማራል። «ያን ማርደንቦሮ» የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2011 በግራን ቱሪስሞ ጌም ውድድር አሸንፎ እውነተኛ ተወዳዳሪ ሆኗል፤ በ2013 ፈረንሳይ ውስጥ «ለ ማን» በሚባለው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ነድቷል። መንገድ ላይ ድንገት የሚገባ በግ፣ ባጃጅና ሕፃን ግን ጌሙ ውስጥ የለም። ያንን የሚማረው ከአሠልጣኝ ጋር ነው። አንድ ነገር ልለምንዎ፤ የሚጽፍበት ደብተር ይግዙለት። ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት። ማስረዳት ከቻለ ልጅዎ ፊዚክስ እያጠና ነው።

ከባሕር ዳር፦ የሌላ ሰው ሴትአፕ ባወርድስ?

አውርድ፤ ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን የእሱን እጅ አብረህ አላወረድክም። ፈጣን ሰው ኋላው የሚሸሽ መኪና ይወዳል፤ አንተ በሱ ትዞራለህ።

ከደጀን፣ ሌላ ልጅ፦ የዓባይ በረሃን መንገድ ጌም ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል። ቢምኤንጂ ድራይቭ የሚባለው ጌም መሬት መሥሪያ አለው፤ የከፍታ ካርታ ይቀበላል። ካርታው ደግሞ በነፃ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ምድርን በራዳር ለክታ የተወችው ነው። ከጎሃ ጽዮን ወንዙ ድረስ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው ሸለቆ በሙሉ አለበት። ችግሩ፣ አንዱ ነጥብ ከሌላው 30 ሜትር ይርቃል። ተራራው ይወጣል፣ አስፋልቱ ግን አይወጣም። መንገዱን በእጅህ እየሳብክ፣ እያለሰለስክ መሥራት አለብህ። የተሰነጠቀው፣ የሰመጠው፣ ያበጠው ቦታ ከካርታ አይገኝም።

እሱን ከላይ የጠየቀኝ የሲኖ ሹፌር ያውቀዋል። ሁለታችሁም ደጀን ናችሁ። አንድ ቀን ጋቢና ውስጥ አብረኸው ቁጭ በልና ማርሽ የሚቀንስበትን ቦታ በሙሉ ጻፍ። ጽፈህ ስትጨርስ ላክልኝ፤ የመጀመሪያውን ሙከራ እኔ እነዳዋለሁ።