ከቡና እንጨትና ከቀንድ እስክሪብቶ፦ ቶርኖ ከመግዛትሽ በፊት

ጥያቄ፦ ጠያቂያችን ሐዋሳ ውስጥ የእንጨት ሥራ ሠልጣኝ ናት። በተቋሟ ቶርኖ (እንጨት እያዞሩ መቅረጫ ማሽን) ሦስት እስክሪብቶ ለመሥራት ሞክራለች። የመጀመሪያው የአውራ ጣት ውፍረት ካለው እርጥብ የቡና ቅርንጫፍ የተሠራ ሲሆን፣ ቀለሙን የያዘው ሪፊል የሚገባበት የናስ ቱቦ ውስጡ ከተጣበቀ ከቀናት በኋላ ተሰነጠቀ። በሱፐር ግሉ ያጣበቀችው የበሬ ቀንድ ቶርኖ ላይ እያለ ከናስ ቱቦው ተላቀቀ። የተቆላ ቡና በኤፖክሲ (ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) አጣብቃ የቀረጸችው ሦስተኛው ደግሞ ጉድጓዳ ጉድጓድ ሆነ፤ የቱቦው ቢጫ ቀለምም በውስጡ አሳልፎ ታየ። «እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ቤተሰብ ሊያበድረኝ ባሰበው ገንዘብ ቶርኖ ገዝቼ ልቀጥል?» ስትል ጠይቃናለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የሦስቱም ብልሽት ምክንያት የሚታወቅ፣ የሚታረምም ነው። ስለ እጅሽ የሚናገረው ነገር የለም። ቶርኖውን ግን አሁን አትግዢ። የጎደለሽ ማሽን ሳይሆን ዕቃውን ለማሽኑ የማዘጋጀት ልምድ ነው። ሦስት አስቸጋሪ ዕቃ በአንድ ጊዜ መጀመርሽ ደግሞ የቱ ጥፋት ከዕቃው፣ የቱ ከአሠራርሽ እንደመጣ እንዳትለዪ አድርጎሻል።

ከቡናው እንጀምር፤ ለሐዋሳ ልጅ የሚያዋጣው እሱ ነውና። በይርጋለምና በአለታ ወንዶ በኩል ያረጀ ቡና ሲጎነደል ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆረጣል። የሚወድቀው ግንድ ለማገዶ ይሄዳል። እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ነጣ ያለ፣ ሲወለወል የሚያምር ነው። አስቸጋሪው አደራረቁ ነው። እንጨት ሲደርቅ በግንዱ ዙሪያ የሚሸማቀቀው ከልቡ ወደ ውጭ ከሚሸማቀቀው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ልቡን በመሐሉ የያዘ ድብልብል ቅርንጫፍ ሲደርቅ አንድ ቦታ መሰንጠቁ አይቀርም። ያንቺው ላይ የናስ ቱቦም ገብቶበታል። ናስ አይሸማቀቅም፤ እንጨቱ እየጠበበ ሄዶ ቱቦው ሲከለክለው ተከፈተ።

ስለዚህ ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የግንዱን ታችኛ ክፍል ፈልጊ። ለሁለት ሰንጥቀሽ ልቡን አውጥተሽ ጣይና ከጎኑ 2 በ2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ 14 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ጉርዶች ቁረጪ። እርጥበት በብዛት የሚወጣው በጫፍ በኩል ነው፤ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሻማ ካላሸግሽ ከዚያ ይጀምርና ይሰነጠቃል። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባሽ ደርድሪያቸው። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝነሽ ክብደቱን እዚያው ጉርዱ ላይ በእርሳስ ጻፊ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ካልቀነሰ ደርቋል። ወራት ሊወስድ ይችላል። ለማፋጠን ብለሽ ምድጃ አጠገብ አታድርጊው፤ ውጭው ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይፈነዳል።

በእነዚያ ወራት ከቤት ዕቃ ሠሪዎች የተረፈ ደረቅ ዋንዛ ወይም ወይራ ለምነሽ ተለማመጂ። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ጥሩ ይወለወላል። ውድ የሆነውን የብዕር ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የእስክሪብቶ ብረቶች ስብስብ) ገና አትንኪ። መጀመሪያ መሰርሰር ብቻ ተለማመጂ፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። በብዛት የሚገኘው ቀጭኑ ኪት ሁለት የናስ ቱቦ አለው፤ 7 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) ይፈልጋል። ጉርዱን ከቱቦው ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝመሽ ከመቁረጥ ይልቅ መጀመሪያ 1 ሳንቲ ሜትር አስረዝሚው፤ ፑንታው ከታች ሳይወጣ አቁሚና ያልተበሳውን ጫፍ በመጋዝ ቁረጪው። ፑንታው በስተ መጨረሻ ሲያልፍ እንጨቱን የሚገነጥለው እንዲህ ካልተደረገ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 600 ዙር አካባቢ ይሁን። በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ፑንታውን እያወጣሽ ፍቅፋቂውን አራግፊ። ቀዳዳው ውስጥ የታመቀ ፍቅፋቂ ፑንታውን ያግላል፤ ሙቀቱም ገና ሳይቀረጽ ውስጥ ውስጡን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ የበሳሻቸውን አምስት ጉርዶች በርዝመታቸው ለሁለት ሰንጥቂያቸው። ቀዳዳው ከመሐል ርቆ ከሄደ የጨረስሽው እስክሪብቶ በአንድ ጎኑ ስስ ይሆን ነበር ማለት ነው። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ያለው ሰው የምታውቂ ከሆነ መሰርሰሩን እዚያ ሞክሪው፤ ጉርዱ ራሱ እየዞረ ፑንታው ቆሞ ስለሚገባ ቀዳዳው መሐሉን የመሳት ዕድሉ ያንሳል።

ወደ ቀንዱ ስንመጣ፣ ቱቦው የተላቀቀው በማጣበቂያው ነው። ሱፐር ግሉ በረጅም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ቱቦው ሳይደርስ ግማሽ መንገድ ላይ ይይዛል፤ የቀረው ክፍል ባዶ ይሆናል። ለስላሳ ናስ ላይ ደግሞ ምንም ማጣበቂያ በደንብ አይዝም። ቱቦውን በ150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጊው፣ ቱቦውንም ቀዳዳውንም በአልኮል ጥረጊ፤ ቀንድ ቅባት አለው። የቱቦውን አንድ አፍ በቁራጭ ድንች ወይም በሰም ድፈኚ፤ ካልሆነ ማጣበቂያ ውስጡ ገብቶ የኪቱ ብረት አይገባልሽም። ከዚያ በሁለት ዕቃ ተለይቶ የሚሸጠውን ኤፖክሲ ቀላቅለሽ የናስ ቱቦውን እያዞርሽ አስገቢና እስከ ማግሥቱ አትንኪው።

የቀንድ ሥሩ ክፍት፣ ጫፉ ድፍን ነው። የሚሠራልሽ ድፍን የሆነው ጫፉ ብቻ ነው። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ፑንታው ሲወጣ ቀዝቅዞ ቀዳዳውን ያጠብባል፤ ስለዚህ ከእንጨት ይበልጥ ቀስ ብለሽ ሰርስሪ። ዱቄቱ ሳንባ ይጎዳል፣ ሽታውም ከባድ ነው። ያለ ማስክ አትሥሪው፤ መሮሽም በየአምስት ደቂቃው ይሳል።

የቡናው ፍሬ ላይ ብዙ አልቆይም። ፍሬው በሆዱ ስንጥቅ ውስጥ አየር ይይዛል፤ ኤፖክሲው ሲፈስበት አየሩ አረፋ ይሆናል። ፍሬዎቹን መጀመሪያ ብቻቸውን ቀጭን ኤፖክሲ ቀብተሽ አድርቂ፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በስስ በስሱ እየደራረብሽ አፍስሺ። የማጣበቂያውና የማድረቂያው መጠን ዕቃው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ በግምት ከቀላቀልሽው ሳይደርቅ ይቀራል። ሲቀረጽ የሚከፈቱትን ጉድጓዶች በቀጭን ሱፐር ግሉ ሙዪያቸው፣ ሲደርቅ አለስልሺ፣ ድገሚ። ቱቦው እንዳይታይ ከማጣበቅሽ በፊት ቱቦውንም የቀዳዳውን ግድግዳም ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት ቀለም ቀቢው።

ቶርኖ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። የመሮ ማረፊያው ከጉርዱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይራቅ። ጉርዶቹ የሚሰኩበትን ዘንግ የሚያስረውን ብሎን በጣት ብቻ አጥብቂው፤ በመፍቻ ከጠበቀ ዘንጉ ይጎብጣል፣ እስክሪብቶውም ሞላላ ይሆናል። ማለስለሻውንም በ150 ጀምረሽ 240፣ 320፣ 400፣ 600 እያልሽ አንድም ቁጥር ሳትዘይ ሂጂ። በየቁጥሩ ማሽኑን አቁመሽ በእንጨቱ ርዝመት አንዴ እሺው፤ ዙሪያውን የሚቀሩት ጭረቶች ቫርኒሽ ወይም ሱፐር ግሉ ሲቀባ ጎልተው የሚወጡ ናቸው። ሲገጣጠም ደግሞ ሪፊሉን የሚያወጣውን ማዞሪያ በሞርሳ ጥቂት በጥቂት ግፊው፤ በየጊዜው ሪፊሉን አስገብተሽ ጫፉ መውጣት መግባቱን እዪ። ከልክ በላይ ከገባ ጫፉ ተመልሶ አይደበቅም፤ ሳይጎዳ መልሶ ማውጣትም ከባድ ነው።

ስለ መተዳደሪያው፦ ኪቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የዋጋሽ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ለአንድ እስክሪብቶ የኪቱን ዋጋ ከማጓጓዣው ጋር፣ የማጣበቂያውንና የብርጭቆ ወረቀቱን፣ የሠራሽበትን ሰዓት በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ደምሪ። ጀማሪ ሳለሽ ከአምስት አንዱ ይበላሻል ብለሽ የእሱንም ወጪ በአራቱ ላይ አካፍዪ። የሚወጣው ቁጥር ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ስብሰባ የሚያዘጋጅ ድርጅት ወይም ለደንበኛው ስጦታ የሚፈልግ ቡና ላኪ የሚከፍለው መሆኑን ሄደሽ ጠይቂ። እንዲህ ያለ ገዢ የሚፈልገው ሃያ ወይም ሠላሳ ተመሳሳይ እስክሪብቶ ነው። ስለዚህ ከቡና እንጨት አሥር እስክሪብቶ ሠርተሽ ውፍረታቸው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ካልተለያየ ያኔ ናሙና ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። ከዚያ በፊት የሚገባ ብድር ዕዳ ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ ከክፍል በኋላ የተቋሙን ቶርኖ ለመጠቀም መምህርሽን በጽሑፍ ጠይቂ፤ የብቃት ምዘናሽንም አታቋርጪ። ቶርኖ የያዘ እጅ የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የዱላ እጀታ ይቀርጻል፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ ቤት ዕቃ ሠሪዎች ዛሬም ይከፍላሉ። ገዢሽ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ የቀንዱን ሳይሆን የቡና እንጨቱን አቅርቢለት፤ የእንስሳት ውጤት በብዙ አገሮች ጉምሩክ ላይ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቅበታል። የጉንደላው ጊዜም አዝመራው ከተለቀመ በኋላ በበጋው ስለሆነ፣ ግንዱ ለማገዶ ሳይፈለጥ በፊት ባለ ቡናዎቹን አሁኑኑ አነጋግሪ።