ዲዮን ሳንደርስ ያለ ዲግሪ አይደለም አሰልጣኝ የሆነው
አይ ወንድሜ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ ዲዮን ሳንደርስ አንተ እንዳልከው ከኤንኤፍኤል (ከአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) ወጥቶ በቀጥታ ኮሌጅ ማሠልጠን አልጀመረም። ልጅህ «ዲዮን ያለ ዲግሪ ነው እዚህ የደረሰው» ማለቱም ልክ አይደለም። ሰውየው በ2020፣ ዕድሜው 50 ካለፈ በኋላ፣ ከታላዴጋ ኮሌጅ በቢዝነስ ተመርቋል። ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ የቀጠረውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ በፊት ቴክሳስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን ሲያሠለጥን ነበር። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ጃክሰን ስቴት ላይ 27 ጨዋታ አሸንፎ 6 ብቻ ተሸነፈ። ቀጥሎ የሄደበት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ግን ከበደው፤ በ2023 ያሸነፈው 4፣ የተሸነፈው 8 ነው። በ2024 ግን 9 አሸነፈ። ቡድኑ እሱ ከመምጣቱ በፊት በ2022 አንድ ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ስለነበር፣ ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የአክስቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ ኮሌጅ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳና ሁለት ሴሚስተር ሲቀረው ትምህርቱን ተወው። በኋላ ለረዳት አሰልጣኝነት ሲያመለክት መጀመሪያ የተጠየቀው ዲግሪ ነበር። እስካሁን ይቆጨዋል። ልጅህ ኮሌጅ ሲገባ በየሴሚስተሩ ቁጭ ብላችሁ ክሬዲቱን አብራችሁ ቁጠሩ።